አላፊ አግዳሚ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ በመስኮት ሲገባ፣
ያው ነው ልምምዳችን፣ ያው መንገድ ታርሶ ታርሶ፤
ከዶ ወደ ሶል ነው፣ ከሶል ላ ላይ ደርሶ፣ ወደ ዶ ተመልሶ።
ፋን የምንነካት በዓመት በዓል ብቻ፣
እንደ ሙክት ሥጋ፣ ስትገኝ በዘመቻ።
አበጋዝ በቤዙ፣ በወፍራም ገመዱ፣
አንድ ትልም ያርሳል፤ ያው ነው ያው መንገዱ።

እኔ ግን ደከመኝ።
ሦስት ጣቴ ሲሠራ፣ ሁለቱ ሥራ ፈት፣
እንደ ሠርግ ተመልካች፣ ቆመው ከአጥር ፊት።

አንድ ምሽት ታዲያ ሳላስባት ወጣች፣
ትንሿ ጣቴ ናት፤ ሬ ላይ ተቀመጠች፤
ዶ፣ ሚ፣ ሶል በያዝኩት ከላይ ተደረበች።
ዘጠነኛ ሲሏት ሩቅ ብትመስልም፣
ሬ ናት፣ የዶ ጎረቤት፤
ፎቅ ወጣች እንጂ ሰፈር አልለቀቀችም።
ሲን ደግሞ ጨመርኩኝ፣ ሰባተኛይቱን፤
በቅኝቱ የለችም፤ እንግዳ ናት። ይሁን።
ወሎ አይደለም እንዴ? በሩን መች ይዘጋል?
ያልጠራው ሰው ቢመጣ «ኖር» ብሎ ይጠጋል።

ከዚያ ጥቁሯ መጣች።
ከሶል ወደ ላ ስሄድ፣ በመሀል ተኝታ፣
ስንት ዘመን ዘለልኳት፣ ሳላደርስ ሰላምታ።
ዲሚኒሽ ይሉታል በእሷ ላይ ሲቆለል፤
ቤት አይሠራባትም፤
ረግጠው ሊያልፉ እንጂ አይቻልም መዋል።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣
ዶሮ መዝለያ ላይ አንገቱን አዙሮ፣
ገደሉን ያየ ሰው፣ ሆዱ ባር ባር ብሎ፣
«ወራጅ አለ» አይልም፤ ያልፋል ተንጠልጥሎ።
ደሴ ሲገባ ግን፣ ያው አስፋልት፣ ያው ጭቃ፣
እፎይ የሚያሰኘው ያ ኩርባ ነው በቃ።

ማክሰኞ ለት ታዲያ ሁሉንም አፈሰስኩ፤
ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አላፊ፣
በየሐረጉ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ።
ጦይባ ጀመረች። ያቺን ረጅም ዶ ከደረቷ አምጥታ፣
ልትዘልቅባት ስትል፣ ሲ ከሥሯ መጥታ፣
ክርኗን ሰነዘረች። ዘፈኑ ቆመ።
«ወንበሬን ሳብክብኝ!» አለች ተቆጥታ፤
«እንግዳ ይገባል እንጂ፣
ከመደብ ይጥላል እንዴ ባለቤቷን ገፍቶ?»
አበጋዝ ፍርፍር አለ፣ ቤዙን እንዳቀፈ በሳቅ ተደፍቶ።

አያ ይመር ከጥግ፣
የደጋኑን ጭራ ሙጫ እያስነካ፣ ነበር ዝም ያለው።
«ያቺን ጥቁሯን ድገማት» አለኝ። ደገምኩለት።
«ሌላውን እንጃልህ። ይቺን አውቃታለሁ።»
ማሲንቆውን አቅፎ፣ ከሶል ተነሥቶ፣
ወደ ላ ወጣበት፣ ጣቱን ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ ጎትቶ፤
እዚያው መሀል ነበረች!
እኔ በስንት ወር፣ በአራት ጣት ቆልዬ ያገኘኋትን፣
በአንዲት ጭራ ነካት፣
ስም ሳያወጣላት፣ ሳያቆም ጉዞውን።
«አርባ ዓመት አለፍኩባት» አለ፣
«ጎራ ብዬ ግን አላውቅም ቤቷን።»

ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ሠርግ ነበረብን።
ሲን በክብር ሸኘኋት፤ ቂም ትያዝ አትያዝ እንጃ።
ሬን ከፎቋ ተውኳት።
ጥቁሯን አንዴ ብቻ፣
ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ሌላው ሳይጀመር፣
እንደ ዋዛ ጣልኳት።
ማንም አላጨበጨበም።
የሙሽራዋ አጎት ብቻ፣ እስክስታው ደርቶለት ትከሻው ሲማታ፣
እዚያች ላይ ሲደርስ፣
ስሙን የጠራው ሰው ያለ ይመስል፣ ዞር አለ ለአፍታ።
ከኋላው ማንም የለም።

ቆሜ ልሰማት ፈለግሁ።
ጣቴ ከጥቁሯ ላይ አልነሣ ሲለኝ፣
አያ ይመር በደጋኑ ጫፍ ጎኔን ጎሰም አርጎ፣
«ወራጅ የለም፤ ንዳው!» አለኝ።